የማሾው ቆዳ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎስ ተሻለው? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀዎት ወይስ እንደ ልማድዎ ከእማማ ተደብቀው ነው የሚስሉት? የእርሷስ ጉልበት? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ልቤም ደህና ነው ብዬ ግን እርስዎን አልዋሽም።

ከውራጅ ነጋዴዎች እየለቀምኩ በምሠራበት ሱቅ ስለማድሳቸው አሮጌ ማሾ ፋኖሶችና የጉዞ ምድጃዎች ጽፌልዎት ነበር። ሠላሳ ስምንቱን ዝገታቸውን ፍቄ፣ ነሐሳቸውን ወልውዬ አብርቻቸዋለሁ። የሱቁ ጌታ ግን ለገባ ለወጣው ሁሉ የራሱ የእጅ ሥራ እንደሆኑ ይናገራል። ክብሪት እንኳ በሦስተኛው ነው የሚሳካለት! ዝም ያልኩት የማድርባት ክፍል ከሱቁ በላይ ስለሆነች፣ ቁልፏም በእርሱ እጅ ስላለ ነው። ዝምታዬ ምን እንዳመጣብኝ ይስሙ።

ማክሰኞ ረፋድ የፋኖስ መስታወት ልገዛ እንደወጣሁ አንድ ደንበኛ መጥቶ ትልቁ ማሾ ሲበራ ልይ ብሏል። ስመለስ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ሳቂታ የምንላትን ሻጯን፣ ጓደኛዬን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያወጧታል። ማሾውን ስትነፋ ፊቷ ላይ ነው የፈነዳው። ሁለት እጇ ተቃጥሏል፤ የቀኝ ዓይኗ ነገር እስካሁን አልታወቀም።

በማግስቱ ጌታው ጥፋቱ የአጠጋገኔ ነው የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ፈርሚ አለኝ። እስኪፈነዳ የእርሱ ሥራ ነበር፤ ሲፈነዳ የእኔ ሆነ። እምቢ ካልሽ ዓርብ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ አለኝ። በኬሚስትሪ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ ብል፣ እሱንማ ምድጃ አቀጣጥይበት ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ እጄ ስቶ ይሆን ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። ስለዚህ ማሾውን ፈታሁት። ጌታው ታንኩን አጥቦ ወልውሎታል፤ የአየር መንፊያውን መፍታት ግን ከየት ይምጣለት! የመንፊያውን ቆዳ እንዳስተማሩኝ ዘይት ውስጥ አሳድሬ ነበር የገጠምኩት። ላምባ ቢነካው እንኳ እንደለሰለሰ ይቆይ ነበር። ማሾው ፈንድቶ በጎኑ ሲወድቅ ነዳጁ ወደ መንፊያው ዘልቆ፣ ቆዳው ቅባቱን ተነጥቆ እንደ ሰነበተ የዳቦ ቅርፊት ደርቋል። አሸተትኩት። ቤንዚን ነው፤ ላምባ ቢያጣ ቤንዚን ሞልቶበታል። ላምባ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፤ የመጨረሻውን ጠብታ የዚያን ዕለት ጠዋት ያንጠፈጠፍኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ሄጄ ለሳቂታ ነገርኳት። ንፊ ብሎ ያዘዘኝ እርሱ ነው፣ የሚያሳክመኝም እርሱ ነው፣ ተዪኝ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልፈረድኩባትም።

ወረቀቱን ግን አልፈረምኩም። ቆዳውን ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ለፖሊስ ሰጠሁ፤ መርማሪው ሳያየው መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ሌላው ግማሽ በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። እስኪደርስዎት ሽታው ይበን ይሆናል፤ ድርቀቱ ግን የትም አይሄድም። አርባ ዓመት ምድጃ በጠገነው ጣትዎ ይሹት። ጥፋቱ የእጄ ከሆነ ሳይራሩ ይጻፉልኝ፣ ተመልሼ እፈርማለሁ። ካልሆነ ግን ጎዳና ባድርም የሚያስፈርመኝ የለም።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ስለ ክፍሉ ግን እንዳይነግሯት። ታላቅ እህቴ ምላሷ ነው ያስወጣት ማለቷ አይቀርም፤ ልክ ነሽ ብላለች ይበሉልኝ። ድንቡሼ ወንድሜን ጉንጩን ይሳሙት፣ ካቻቢቴዬን እንዳይጥልብኝም ይንገሩት። እፈልገዋለሁ።

ልጅዎ

እስከ ነገ የእኔ ከሆነችው ክፍል፣ ሐሙስ የካቲት ፲፱ ቀን