ከሠራተኞች ፍሪጅ የተያዘው መድኃኒት የእኔ ስለመሆኑ

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን የሚለው ለወግ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ከልቤ ነው የምጠይቅዎ፤ መልሱንም እፈልገዋለሁ፤ ለምን እንደምፈልገው ወደ ታች እያነበቡ ሲወርዱ ይደርሱበታል።

ይህን ጽሑፍ አሽጌ በመዝገብ ቤት በኩል መላክ ሲገባኝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በመለጠፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎም ትናንት የጽዳት ሠራተኛችንን ከሥራ ማገድዎን ያሳወቁን በዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ማኅተም አሳርፈው ስለነበረ፣ ስሟ በጠፋበት ቦታ ስሟ ይመለስ ቢባል ክቡርነትዎን አያስከፋም ብዬ ነው። ደግሞም የጥረዛ ክፍሉን ጥሩ ሙጫ ስለተጠቀምኩ ወረቀቱን በጥፍርዎ ለማንሳት ባይደክሙ ደስ ይለኛል።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሰኞ ዕለት የሂሳብ ሹማችን ወተቷን ፍለጋ በመመገቢያ ክፍሉ ፍሪጅ ውስጥ እጇን ስትሰድ፣ ከአንድ ባዶ የማርጋሪን ዕቃ ውስጥ በነጭ ፕላስቲክ የታሸጉ፣ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ፣ አንድም ፊደል ያልተጻፈባቸው ነገሮች አገኘች። ጩኸቷ ከማተሚያ ማሽኖቹ በላይ ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው በሙሉ ተጠራና እርስዎ ዕቃውን በሁለት ጣትዎ፣ በሶፍት ይዘው፣ ከራስዎ በላይ ከፍ አድርገው የማን እንደሆነ ጠየቁ።

ዛሬ ልመልስልዎ፤ የእኔ ነው። ሳፖዚተሪ ይባላል፤ ሴት ልጅ ማታ ስትተኛ በብልቷ የምታስገባው መድኃኒት ነው። የታዘዘልኝም ትሪኮሞኒያሲስ ለሚሉት፣ ስሙ ምላስ ለሚያስር፣ ራሱ ግን ከአባላዘር በሽታዎች ሁሉ የተለመደ ለሆነ፣ ከሚዋጥ ክኒን ጋር ታክሞ ለሚድን ሕመም ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ በሽታዬን አልደበቅኩም፤ መድኃኒቴን ስደብቅ ነው የተያዝኩት።

ነርሷ ካርቶኑን ስትሰጠኝ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው ብላኝ ነበር። የምንኖረው ከቆርቆሮ ሥር ነው፤ ፍሪጅ የለንም፤ ፀሐይ የበረታ ቀን ቤታችን ውስጥ ሻማ እንኳን ቀጥ ብሎ አይቆምም። የመጀመሪያውን ካርቶን ቁም ሳጥኑ ላይ ባስቀምጠው ማታ ስከፍተው ቅባት ሆኖ ጠበቀኝ። ሌላ ከገዛሁ በኋላ ካርቶኑንና ወረቀቱን ቤት ትቼ፣ ፍሬዎቹን ብቻ በማርጋሪን ዕቃ አድርጌ ወደ ሥራ ቦታ አመጣሁ። ከሥራ ስወጣ አንዷን በመሐረብ ጠቅልዬ፣ ሳትቀልጥ ቤት ለመድረስ፣ ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ እየሸሸሁ እሮጥ ነበር። ፍሪጁ በሠራተኛው መዋጮ የተገዛ ስለሆነ መብት ያለኝ መስሎኝ ነው። ከዚህ በታች የማቀርባቸው አቤቱታዎችም ምስጋናን ጭምር የያዙ ናቸው።

አንደኛ፣ ስላቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ አመሰግናለሁ። ሦስቱም አባላት ወንዶች መሆናቸው ለሴቶች ጉዳይ ምን ያህል ቢጨነቁ ነው አሰኝቶኛል። ኮሚቴው እኔን ሳይጠራ፣ ሌሎቹን ሴቶች ብቻ እየጠራ፣ ወንዶቹን እያለፈ፣ ዕቃው የጽዳት ሠራተኛዋ ነው ሲል ወሰነ። ማስረጃውም ሁለት ነው፤ ፍሪጁን የምታጸዳው እሷ ናት፤ ባል ደግሞ የላትም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ከባሏ ከተፋታች ዘመን የቆጠረች፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ባል ያለን እኛ ሞልተን ሳለ፣ ይህን በሽታ ከየት ታመጣዋለች? እሷም ሲጠይቋት “እኔን እንኳን ወንድ፣ ጉንፋን ከያዘኝም ቆይቷል” ብላ መመለሷን ከመዝናኛ ክበቡ ሰምቻለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ግን “ተጠርጣሪዋ ተሳለቀች” ብሎ አሳጠረው። በዚያ ላይ የምትኖረው ከግቢው ውጭ ካለው መጋዘናችን በታች ባለችው የድንጋይ ክፍል ነው። ወረቀት እንዳይረጥብ ብለን ከዚያ ያወጣነው ብርዱን ፈርተን አልነበረም? መድኃኒቱ የእሷ ቢሆን የትራሷ ሥር ይበቃት ነበር። ትናንት ስትወጣ የበሩ ጥበቃ የላስቲክ ጫማዋን የያዘችበትን ፌስታል ሳይቀር ፈተሸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እኔም ይህን ከጥረዛ ክፍሉ መስኮት ቆሜ እያየሁ ሆድ ይፍጀው ማለት አቃተኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕውቀትዎ ያለኝን አድናቆት ልገልጽ እወዳለሁ። በዚያ ስብሰባ ላይ ያን ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የበሩ ጥበቃ የጥይት ዘር ነው አለ። የማሽን ኦፕሬተሩ የተቆረጠ ሻማ መሰለው። የእርማት ክፍሉ ሽማግሌ፣ ብዙ ያነበቡ ሰው ስለሆኑ፣ ለሕፃናት ትኩሳት በመቀመጫ የሚሰጥ ነው አሉ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ተሳሳቱ። እኔ ሴት ሆኜ ነርሷ በእጇ እያሳየች እስክታስረዳኝ ድረስ ይዋጥ ይላስ አላውቅም ነበር። እርስዎ ግን “ይህ የሴቶች ነው፤ ማታ ተኝተው የሚያስገቡት ነው፤ እዚህ ያመጣችው ቤቷ ውስጥ እየቀለጠባት ነው” ብለው አረፉት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት ደርሶ ትዝ አለኝ። ፈርቼ ነበር፤ ቢሆንም ጆሮዬ አልፈራም። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ እንደቀለጠ የምናውቀው እኔ፣ ሁለተኛውን ካርቶን የሸጠልኝ ፋርማሲስትና ባለቤቴ ብቻ ነን። ከፋርማሲስቱ ጋር ደግሞ አትተዋወቁም።

ያን ቃል ተናግረው ሳይጨርሱ ዓይንዎ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ሹፌርዎ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ቆሞ ነበር። ቁልፉ መሽከርከሩን ተወ። ሹፌርዎ ጫማውን ማየት ጀመረ። ለአዲስ ሠራተኞች ለማሳወቅ ያህል፣ ሹፌርዎ ባለቤቴ ነው።

ሦስተኛው አቤቱታዬ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ባለቤቴ ለራስ ምታት ክኒን ስሰጠው እንኳን ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን አምፖል ሥር አቅርቦ የሚያነብ፣ ሻይ ሳቀርብለት ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመርኩ የሚመረምር ሰው ነው። ነርሷ በሽታው ወንድ ላይ ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ካልታከምን ድካሙ ከንቱ እንደሆነ ነግራኝ፣ ለእሱ የሚዋጠውን ክኒን ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ንግግር አዘጋጅቼ፣ ውሃ ቀድቼ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እሱ እጁን ዘረጋ፤ ዋጠው፤ ብርጭቆውን መለሰልኝ። ለምን? የምን? ከየት? አላለም። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ቢቆጣኝ፣ አንቺ ነሽ ያመጣሽው ብሎ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት ቢያንስ ግራ የተጋባ ሰው ምልክት ነው።

እውነቱን ለመናገር በሽታው መቼ እንደገባና ከማን እንደመጣ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ እንደማይችል ነርሷ አስረድታኛለች፤ ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ማንንም አልወነጅልም። እጠረጥራለሁ እንጂ። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች ለዚህ ቀን ነበር ያሳደጉኝ። የምጠረጥረውም የመማሪያ መጻሕፍት ለማድረስ የሄዳችሁበትን ያን የመስክ ጉዞ ነው። ለወትሮው ጭነት የሚያደርሰው የሥርጭት ሠራተኛው ሆኖ ሳለ ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ራስዎ ካልሄድኩ አሉ፤ ሁለት ቀን የተባለው ጉዞም ሳምንት ሆነ። ባለቤቴን ምን አቆያችሁ ስለው የመኪናው ፍሪሲዮን ተቃጠለ አለኝ። እርስዎ ግን በወሩ ስብሰባ ስለተጨማሪው ውሎ አበል ሲያስረዱ ራዲያተር ነው ብለውናል። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ጥቂት ነው፤ ራዲያተር ፊት ለፊት እንዳለና ፍሪሲዮን እግር ሥር እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ የወጡ ዕለት የተደረገውን መሸኛ ያስታውሱታል? ባለቤቴ ክኒኑን የጀመረበት ሳምንት ነበር። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጠጥ አይቀምስም፤ ነርሷ ይህንን ሁለት ጊዜ ነው የነገረችኝ። ባለቤቴ ለስላሳ መያዙ አልገረመኝም፤ ቀና ስል ግን ክቡርነትዎም፣ መጠጥ ሲቀርብልዎ እምቢ ማለት የማያውቁት ክቡርነትዎ፣ ከእሱ ጎን ግድግዳውን ተደግፈው ለስላሳ ይዘዋል። ለጡረተኛው ጽዋ አንሡ ሲባል ሁለታችሁም ብርቱካናማ ጠርሙስ አነሳችሁ። ያን ጊዜ ጨጓራዎን አሞዎት መሰለኝና አዘንኩልዎ።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ከብዶታል፤ ግን ካልጻፍኩት ሌላው ሁሉ ሐሜት ሆኖ ይቀራል። እኔ እስከ ትናንት ድረስ የመድኃኒቱን ባለቤት መፈለግዎን አምኜ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ሕመሜንም፣ የቀለጠውንም ካርቶን፣ ወደ ሥራ ቦታ ማምጣቴንም ባለቤቴ ነግሮዎት ከነበረ፣ ዕቃውን ገና ከፍ አድርገው ሲያነሱት የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ኮሚቴውን ያቋቋሙት የመድኃኒቱን ባለቤት ለማግኘት ሳይሆን እንዳትገኝ ነው። እኔ ተጠርቼ ብጠየቅ ከየት አመጣሽው መባሌ አይቀርም፤ እኔም ከባሌ እላለሁ፤ ባሌም ከየት ቢባል የጉዞው ነገር ይነሳል። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ከየት ብትባል የምትጠቅሰው ሰው የላትም። ለዚህ ነው የተመረጠችው። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት እስከ ዛሬ የሚነገረው ስለ ሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለሆነም ክቡርነትዎ፣ እገዳውን እንዲያነሱልኝ፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ዕቃውን ከፍ ባደረጉበት ድምፅ ልክ ይቅርታ እንዲጠይቋት በትሕትና እለምናለሁ። ጥፋት ካለ ጥፋቱ የማርጋሪን ዕቃ ላይ ስሜን አለመጻፌ ነው፤ ለዚያ የሚገባኝን ቅጣት ለመቀበል ከጥረዛው ጠረጴዛ ሆኜ እጠብቃለሁ። በኤግዚቢትነት የተያዙብኝን ሳፖዚተሪዎች ግን አይመልሱልኝ። ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ባለው መሳቢያዎ ውስጥ እንዳስቀመጧቸው ጸሐፊዎ ነግራኛለች፤ መሳቢያውን ሲከፍቱ ቅባቱ ማኅተምዎን እንዳያበላሽብዎ ይጠንቀቁ።

ሥልጣንዎ የጸና፣ ወንበርዎ የሞቀ፣ ጉዞዎ ሁሉ ብልሽት የሌለበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ትሕትናዬ ከትዕግሥቴ ጋር አብሮ ሳያልቅ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የጥረዛ ክፍል ሠራተኛ፣
የሹፌርዎም ሚስት

ግልባጭ፦
ለአጣሪ ኮሚቴው፣
ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከመጋዘኑ በታች ባለው ክፍል በር ሥር፣
ለባለቤቴ፣ በመኪናው መስታወት መጥረጊያ ላይ።

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ዛሬ ጠዋት በተያዙብኝ ፋንታ ሌላ መድኃኒት ለማሳዘዝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ተራዬን እየጠበቅኩ ከአንዲት እመቤት ጎን ተቀመጥኩ፤ ነርሷ ባሏን ይዛ እንድትመጣ ነግራት፣ እሷ ደግሞ ባሏ ምንም ሳይነግራት ለብቻው ክኒን ሲውጥ ከርሞ እንደነበር ገና መገንዘቧ ነው። ግማሹን ቤት ትተው በመታከምዎ ያ ሁሉ ለስላሳ በከንቱ መጠጣቱን ስነግርዎ አዝናለሁ። እመቤቲቱ የክቡርነትዎ ባለቤት ናቸው። ደብዳቤውን አንብቤላቸው፣ የእኔንም ጨምሪበት፣ አታስቀሪ ስላሉኝ ጨመርኩት፤ ያን ሳምንት ያቆያችሁ ለእሳቸው የተነገራቸው ባትሪ ነው።