ውርርዱ ሽሮ ነው

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4። ጠዋት።

ደብተሬ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የምጽፍልሽ። ገጽሽ ቢረጥብ አልቅሳ ነው እንዳትይ። ባለፈው ቅዳሜም ተሸነፍኩ፤ የተሸነፈ ሽሮ ይሠራል፣ ሕጉ ይኸው ነው።

ጋሼ ተካ ከፎቁ ሥር ያሉት ጎረቤቴ ናቸው። ጋ/ተ ልበላቸው፣ እጄ ይድከም እንዴ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቅዳሜያቸው የፈረስ ውድድር ነው። ሳንታ ሞኒካ ያለው ሆቴል፣ አንሶላ የማጥብበት፣ ቅዳሜን እረፍት ከሰጠኝ ወዲህ የእኔም ሆነ። እኔ ቤት ይመጣሉ፣ ቴሌቪዥኔ ትልቅ ነዋ። እሳቸው ሶፋው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ። በሩ ወለል ብሎ ክፍት፣ ሰው እንዳያማን። ሰውዬው ሰማንያ ሊደፍኑ ነው። ግን ፌርፋክስ የሐበሻ ሰፈር ነው፤ ወሬ ከፈረስ ይቀድማል።

ገንዘብ የለበትም። ቁማር ለእኔ ሐራም ነው። እሳቸውን ደግሞ ልጃቸው አስምላቸዋለች። በሥጋ እንዳንወራረድ እኔ የእስላም፣ እሳቸው የክርስቲያን ነው የምንበላው። ሽሮ ግን ሃይማኖት የለውም። ስለዚህ ውርርዱ ሽሮ ነው።

ከሰዓት በኋላ።

ሱብሃነላህ። ዛሬ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገርሽ።

አንድ ዳለቻ ፈረስ አለ። እንግሊዝኛ ስሙ ሌይት ሳፐር፣ የዘገየ እራት እንደማለት። በሩ ሲከፈት ሁሉም ተወነጨፉ፣ እሱ ቆሞ ያስባል። ጅራት ሆነ። እኔ ስቄበት ሻይ ልቀዳ ዞርኩ። ስመለስ ከመጨረሻ ወደ መካከል ገብቷል። ከዚያ ደግሞ በውጭ በኩል ተዘረጋ፣ አንድ በአንድ አለፋቸው፣ ለጥቂት ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። በዝግታ ሲደግሙት አራቱም እግሮቹ ከመሬት ተነስተው አየሁ። ያን ሁሉ ሥጋና አጥንት የተሸከመው አየር ብቻ ነው! የሻዩን ብርጭቆ እንደያዝኩ ቀረሁ። ሰው ሠራሽ ነገር እያደነቅን ስንኖር አላህ የሠራው እንዲህ ይሮጣል።

ጋ/ተ ስም አወጡለት፤ አባ ዘግይ። እንጅባራ በኩል፣ ያደጉበት፣ ጎበዝ ሰው በፈረሱ ስም አባ እገሌ እየተባለ ይጠራል። እዚህ ባለቤቶቹን ስለማናውቃቸው ፈረሶቹን ራሳቸውን አባ ይሏቸዋል። ጎልደን ስፑን የሚባለው አባ ማንኪያ ሆኗል።

ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ፦ ያ ዳማ ፈረስ ጉድ ነው አሉ። ዳማ! ነጣ ያለ ዳለቻ ነው እኮ፣ ከሩቅ የሚታይ። እኔስ? አዎ ጋሼ፣ ዳማው ጉድ ነው አልኩ።

ያሸነፈው የእኔ ፈረስ ነበር። የእርስዎ ቀደመ አልኳቸው። ተመስገን አሉ። አንድም ቀን ተከራክረውኝ አያውቁም።

መሸት ሲል።

ይኸውልሽ፣ አይታያቸውም። አውቃለሁ። አንድ ቀን ወንበር ላይ የሰቀልኩትን ካፖርት እንደምን ዋልሽ ብለው ጎንበስ አሉለት። ካፖርቱ ዝም ሲላቸው፣ ምነው ተቀየምሽኝ አሉት። እኔ ከማዕድ ቤት ሆኜ፣ ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው ያላዩትን እኔም አላየሁም። ሲሸነፉም አሸነፉ እላለሁ። ታላቅ ሰው ፊት ለፊት አይታይዎትም ይባላል እንዴ? ይሉኝታ ይዞኝ ስንት ሽሮ ሠራሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7።

ልጃቸው ሰላም ከጋርዴና ደወለች። እዚሁ የተወለደች ናት፣ አማርኛዋ ሲጨንቃት ይሰበራል። ዛሬ ጠዋት አባቷ ፌርፋክስን በቀይ መብራት ሲሻገሩ አንድ መኪና አፍንጫቸው ሥር ቆመ። የመብራቱን ነገር ትተው ሹፌሩን ሥርዓት የለህም ብለው ሰደቡት። ያየ ባለሱቅ ነው ለሷ የደወለላት።

ሞራ ግርዶሽ ነው፣ በሁለቱም ዓይን። ሐኪሙ ቀላል ነው ይላል፣ አንዱን መጀመሪያ፣ ሌላውን ቆይቶ። አፖይንትመንት እየያዘች እሳቸው ካንስል እያስደረጉ። አሁን ለኖቬምበር ይዛለች። ይኼኛው የመጨረሻ ነው አለች። ካልታከሙ ቤታቸውን አስለቅቃ ወደ ራሷ ትወስዳቸዋለች። አንቺን ይሰሙሻል፣ ፕሊስ ንገሪያቸው አለችኝ።

ጋርዴና! ማን ያውቃቸዋል እዚያ? እዚህ እኮ ባለሱቁን በሳሉ፣ ፀጉር ቆራጩን በሬዲዮው ነው የሚለዩት። እዚያ ሲወስዷቸው ዓይናቸው ብቻ ሳይሆን ሰፈራቸውም ይጨልማል።

እነግራቸዋለሁ አልኩ። አልነገርኩም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18።

አባ ዘግይ ዛሬ የለም፣ እረፍት ላይ ነው። ሌሎቹን አየን። ልናገር አፌን ስከፍት «ሻይ ይጨመር ወይ» ይወጣል። አፌ ለሌላው ቢላ ነው፣ እሳቸው ፊት ግን ጥጥ።

እሳቸው ራሳቸው አወሩ፣ ስለ ሌላ እየመሰላቸው። ልጅ ሳሉ በበዓል ቀን ያለ ኮርቻ ሲጋልቡ ፈረሱ ቦይ ዘለለ። በዘለለበት ቅጽበት ከታች ምንም ድምፅ አልነበረም አሉ። ኮቴ የለ፣ ሰው የለ፣ ዝም። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ አሉ። ጸጉሬ ቆመ። እኔ በቴሌቪዥን ያየሁትን እሳቸው ተቀምጠውበታል።

ከዚያ አጎታቸውን አነሱ። አጎትየው ዓይናቸውን ሊያሳዩ ሐኪም ቤት ሄደው፣ በመሪ ተመለሱ። ብዥ ያለ ይሻላል ከጨለማ አሉ። ፍርሃታቸው ይኼ ነው ለካ። አንጀቴን በሉት።

ምክር አይሰሙም። ውርርድ ግን አጥፈው አያውቁም። እሱን እያሰብኩ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25። ከሰዓት በኋላ።

በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

ሁለቱም ዛሬ አሉ፣ አባ ማንኪያም አባ ዘግይም። ከመነሻው በፊት፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዛሬ ሽሮ አይደለም አልኳቸው። እኔ ካሸነፍኩ ዓይንዎን ይታከማሉ።

ማስታወቂያው አለቀ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አውቀሻል ማለት ነው አሉ። ካፖርቱ ከተቀየመዎት ቀን ጀምሮ አልኩ። ሳቁ፣ ግን አጭር ሳቅ። እሺ፣ እኔ ካሸነፍኩ ግን አንቺም ሰላምም ስለ ዓይኔ አፋችሁን አትከፍቱም አሉ። ቃል? ቃል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው አሉ፣ ጣታቸውን ወደ እኔ የቀሰሩ መስሏቸው። ጣቱ የተቀሰረው ወደ አበባው ማስቀመጫ ነበር።

እኔ አባ ማንኪያን ያዝኩ። ሰው ሁሉ በእሱ ነው የሚወራረደው፣ ወገቡ ብቻውን ያሸንፋል። እሳቸው አባ ዘግይን አሉ። ደስ አለኝ። ያ እንቅልፋም!

በሩ ተከፈተ። አባ ማንኪያ ከፊት። አባ ዘግይ እንደ ልማዱ ቆሞ ያስባል። አለቀ፣ ታከሙልኝ አልኩ በሆዴ። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግን፣ ወላሂ፣ መሬቱ ራሱ ወደ ኋላ የተሳበለት መሰለኝ። አንገቱን ዘረጋ። ጋላቢው አለንጋ እንኳ አላነሳም፣ ተለጥፎበት ይሄዳል። ውርርዱን ረሳሁ። ምን እንደተያዘ ረሳሁ። ተነስቼ እልል አልኩ! ለጠላቴ ፈረስ!

በአፍንጫ። አባ ዘግይ በአፍንጫ ቀደመ። ስክሪኑ ላይ ደግመው ደጋግመው አሳዩት።

ማን ቀደመ? አሉኝ።

አየኋቸው። ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ እንኳ አይደለም፣ ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ ነው። ያ ቀይ መብራት ትዝ አለኝ። የእኔ አልኩ። አባ ማንኪያ ቀደመ ጋሼ።

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ። ከዚያ ተነሱ፣ ኦኬ አሉ፣ ሽሮው የት ነው?

በዳሰሳ ሠሩት። ጨው እጥፍ፣ በርበሬ ጭራሽ የለበትም። ጥርግ አድርጌ በላሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ዋሽቼ ስጎዳ ከርሜ ዛሬ ዋሽቼ አተረፍኩ፤ ትርፉ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6። ሐኪም ቤት፣ መጠበቂያው ክፍል።

ከሆቴሉ አስፈቅጄ መጣሁ። እኔ ድራይቭ አደረግሁ፣ ሰላም ከኋላ ሆና ጥፍሯን ትበላለች። አሁን እሳቸው ውስጥ ናቸው። የሆነውን ሳይበርድ ልጻፈው።

ሰላም ወረቀት ልትፈርም ሄደች። ሁለታችን ቀረን። ሰማያዊ ቆብ አጥልቀውላቸው፣ እጃቸው በረዶ። ጥለው የሚሄዱ መሰለኝ። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር። በበሩ የሚገባው ብርሃን ላይ ማለቴ ነው።

«ዘሙ» አሉኝ። «ያን ቀን ያሸነፈው አባ ዘግይ ነው።»

እንዴት አወቁ? አልኩ። የውድድሩ አስተላላፊ ሌይት ሳፐር ሌይት ሳፐር እያለ ሲጮህ ሰምተዋል። ዓይኔ ነው የደከመው፣ ጆሮዬ ምን አደረገሽ አሉ። ያለፉት ቅዳሜዎችስ? ሁሉንም። የተሸነፉባቸውን ሁሉ ያውቃሉ። እኔ ላላሳፍራቸው ስዋሽ፣ እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ያልተገባቸውን ሽሮ ሲበሉ ከርመዋል! በይሉኝታ ተፋጥጠን፣ አንዳችን ለሌላችን ስንጠነቀቅ።

ታዲያ ለምን መጡ ጋሼ፣ አሸንፈው የለም እንዴ? አልኩ።

የመለሱልኝን እንዳለ ልጻፈው። «ሌላ ጊዜ እኔን ደስ እንዲለኝ ነበር የምትዋሺው። እሱን ማንም ይዋሻል። ያን ቀን ግን እንድከፋብሽ ቆርጠሽ ዋሸሽ። እንዲህ የሚደፍርልኝ ሰው መልኩ ምን ይመስላል? ልየው እንጂ።»

ነርሷ ስማቸውን ጠራች። ተነሱ። ክንዳቸውን ልይዝ ስል ተዪኝ አሉ። ኮሪደሩን ግድግዳ እየዳሰሱ ሄዱ፣ ቀና ብለው። የአጎታቸውን ነገር አውቃለሁ፣ ምን ያህል እንደፈሩ አውቃለሁ። ፈረስ ቦይ ሲዘል አይቼ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ሰው ሲዘል አየሁ።

ሰላም አጠገቤ ናት። ምን አልሽው? ትለኛለች። ምንም አልኳት።

በኋላ። ወጡ። አንደኛው ዓይን ተሸፍኗል። ራበኝ አሉ። አልሐምዱሊላህ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15። ከሰዓት በኋላ።

ሽፋኑ ከተነሳ ሰነበተ። ሐኪሙ ያለው፦ እንዳያሹት፣ ውኃ እንዳይነካው፣ የሚያቃጥል ነገር እንዳይጠጉ። ጠብታውን እኔ ነኝ የማደርግላቸው። ብዥታው ለቋቸው ዛሬ ጠዋት መጡና በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። አፈርኩ። ከዚያ፣ ዘሙ፣ ሸብተሻል እኮ አሉ። ሶፋሽም አቧራ ነው አሉ። ካፖርቱንም አዩት። ከአንተ ጋር ታርቀናል አሉት።

አባ ዘግይ ዛሬ አለ። እሳቸው እሱን፣ እኔ አንድ ቀይ ፈረስ ያዝን። ውርርዱ ሽሮ።

ፈረሶቹ ወደ መነሻው ሲወጡ ከሶፋው ብድግ አሉ። ዳለቻ ነው እንዴ! አሉ። በሹክሹክታ፣ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ያህል። እኔ ዳማ ስል አንቺም ዳማ! አዎ ጋሼ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሩጫውን አላየሁትም። እሳቸውን ነው ያየሁት። በዚያች በዳነችው ዓይን ውስጥ፣ ማሻአላህ፣ ትንንሽ ፈረሶች ይሮጡ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጉልበታቸው የጋለበ ሰው ጉልበት ሆኖ ሶፋውን ይጨምቃል። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ትንፋሻቸው ቆመ፣ የእኔም። ከዚያ እንባቸው ወረደ። ስንት ዘመን ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ማን ቀደመ? አልኳቸው።

ዞር አሉ። ትክ ብለው ዓይኔን አዩኝ። ያንቺ ነው አሉ። የኔ ነገር፣ ዛሬም ተሸነፍኩ አሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ማዕድ ቤት ገቡ።

አስተላላፊው የማንን ስም እንደጮኸ እኔም እኮ ሰምቻለሁ። እኔም ጆሮ አለኝ። ግን ዝም እላለሁ። ይኸው ቆርጫለሁ፦ ዛሬ እሳቸው ይሥሩ፣ እኔ ልብላ፣ ማንም ማንንም አያሳፍር።

የቢላዋው ድምፅ ይሰማኛል። ጧ ጧ ጧ። ጎበዝ፣ በደንብ እያዩ ነው የሚከትፉት። ምን ያህል ሽንኩርት ነው ግን የሚ—

ኧረ! ሽንኩርት! ዓይናቸው! ጋሼ፣ ይተዉት፣ እኔ እሠራ