እስከ ጥር ሰባት የደበቅንሽ ነገር

ስኪዳም፣ ጥር ፯ ቀን

ውድ ሩሐማ፣

ትናንት ከቤቴ ከወጣሽ ጀምሮ ስምንት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ አታነሺም። ይሁን፣ ባታነሺ ይሻላል። ድምፅሽን ከሰማሁ እንደገና መዋሸቴ አይቀርም፤ አፌ ለምዶታል። እጄ ግን ገና ስላልለመደ ወረቀት አወጣሁ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና አማርኛው አያቅትሽም። ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ መጨረሻውን አስቀድመሽ እንዳታዪ።

የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ዛሬ፣ በፈረንጁ ጃንዋሪ አሥራ አምስት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። ሕክምና የሚያስተምሩት ሁሉ ቦታቸው የተቆጠረ ነው፣ ተማሪ መርጠው ነው የሚወስዱት። አንቺ ደግሞ እዚህም እዚያም ልሞክር የምትዪ ልጅ አይደለሽም። "አንዱን መርጬ ለእሱ ብቻ ነው የምዘጋጀው" ብለሽ ሮተርዳምንና ግሮኒንገንን ይዘሽ ሦስት ወር ስትመዝኚ ከረምሽ። ሮተርዳም ከሆነ ከካፔለ፣ ከእናትሽ ቤት፣ በሜትሮ ትመላለሻለሽ። ግሮኒንገን ከሆነ ሦስት ሰዓት በሚጠጋ የባቡር መንገድ ርቀሽ እዚያው ትኖሪያለሽ። ድረ ገጹ ላይ አንዱን ከመጫንሽ በፊት ይህ ደብዳቤ እጅሽ መግባት አለበት።

እናትሽ ታማለች። የቆሽት ካንሰር ነው። ትናንት "ትንሽ ደክሟት ነው" ያልኩሽ ይሄንን ነው። ብታውቂውም ባታውቂውም ከእኔ መስማት ነበረብሽ።

ነገሩን ከስሩ ልንገርሽ።

ጥቅምት ላይ እኔና አንቺ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲውን ልናይ የሄድን ቀን ትዝ ይልሻል። እናትሽ ሥራ ገብታ ስለነበር እኔን ላከችኝ። እኔ ስለ ብርዱ ሳማርር አንቺ ከአዳራሽ አዳራሽ ስትዞሪ ዋልሽ። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጫማሽን አውልቀሽ፣ እግርሽን አጣጥፈሽ ተቀመጥሽና "ብዙዬ፣ እዚህ ከተማ እኮ ማንም አስተርጉሚልኝ የሚለኝ የለም" አልሽኝ። እርስዎ ማለትን ሳናስተምርሽ ማሳደጋችን የእኛ ጥፋት ነው፣ ያን ቀን ግን አልከፋኝም። ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁ።

ወዲያው ግን ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ የሆነው ትዝ አለኝ። ሃውስአርትሱ፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ክፍል ውስጥ፣ እግርሽ ወለሉን ሳይነካ፣ እናትሽ ስንት ቀን እንደደማት ለሐኪሙ ትነግሪው ነበር። ፅንሱ ወርዷል ሲልሽ አማርኛውን ስላላወቅሽው "እማዬ፣ ሕፃኑ የለም ይላል" አልሻት። ሰው ሁሉ "ያን ቀን ነው ሐኪም እሆናለሁ ያለችው" እያለ ይኮራብሻል። እውነት ነው፣ ብለሻል። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እኔ ቤት አልጋ ሥር ገብተሽ አልወጣም ማለትሽንም አልረሳሁም።

ባቡሩ ውስጥ ያልሽውን ለእናትሽ ነገርኳት። ወሬ መያዝ የማልችል ሰው ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ "እንግዲያስ ግሮኒንገን ትሄዳለች" አለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጀርባዋ ሕመም በረታ።

"የማጸዳው ሕንፃ ደረጃው ነው፣ ወገቤን ነው" ትል ነበር። ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ስታጠብ አይተሻታል። ለዘጠኝ ዓመት ያለ አንቺ ሐኪም ፊት ቀርባ የማታውቅ ሴት በድንገት እኔን ይዛ መሄድ ጀመረች። "ሩሐማ ፈተና አለባት" ነው ምክንያቷ። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንቶች የምንከባከብ ሰው፣ ደችኛዬ ለመድኃኒት ሰዓትና ለዳይፐር ይበቃል። ለእንዲህ ያለው ነገር ይፈለጋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሲጠራ አልተረጎምኩላትም፤ ፊቴን አይታ ገባት።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ እጄን ያዘችኝ። "በሰማንያ ቀኗ ባቀፍሻት ክርስትና ማዪልኝ" አለችኝ። "እስከ ጥር ሰባት እንዳትነግሪያት። ካወቀች ሮተርዳምን ትመርጣለች። ከዚያ እኔን ስታስታምም፣ ስታስተረጉምልኝ ዕድሜዋ ያልቃል።" ማልኩላት። ጥር ሰባት ቅርብ መስሎኝ ነበር። በገና ሰሞን "እስከ ሚያዝያ ይሁን፣ ማለፏ እስኪነገራት" አለች። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደግሞ "የግንቦት ፈተናዋ ይለፍ" አለች። ስታወራኝ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር።

ይሄ ነገር በእኔ ላይ ተሠርቶብኛል። የስደተኞች ካምፕ ሆኜ ቃለ መጠይቄን ስጠብቅ እናቴ ሞተች፣ ሰባት ወር ደበቁኝ። ሐዘን ላይ ሆና ቃሏ እንዳይዘበራረቅ ብለው ነው። አዲስ አበባ ስደውል "ጸበል ሄዳለች" ይሉኛል። ደግሜ ስደውል "ትንሽ ደክሟት ተኝታለች" ይሉኛል። ድምፄን እየቀዳሁ ሰላምታ እልክላት ነበር፤ ማን ይሰማው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። የመኖሪያ ፈቃዴን ባገኘሁ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጋሽ ጎይትኦም፣ አብረውን ካምፕ የነበሩት ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ አምስት ሰው አስከትለው በሬን አንኳኩ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ማታ ማታ አብሬያቸው እራት ስበላ፣ ስቀልድ፣ ያውቁ ነበር። ከሞቷ ይልቅ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ ብዬ ለአንቺ ነግሬሻለሁ። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር፣ አብረሽኝ አለቀስሽ። ይህን ሁሉ አውቄ እናትሽ ማዪልኝ ስትለኝ እሺ አልኩ።

ትናንት ከትምህርት ቤት በቀጥታ እኔ ጋ መጣሽ። ጃኬትሽን አላወለቅሽም።

"ብዙዬ፣ እማዬ ታማለች?" አልሽኝ።

ወደ ድስቱ ዞርኩ። "ትንሽ ደክሟት ነው" አልኩሽ። እኔን የዋሹበትን ቃል፣ አንድም ሳልቀይር።

"አንቺን እናትሽ ጸበል ሄዳለች ሲሉሽ፣ አምነሻቸው ነበር?" አልሽኝ።

እኔ ሞኝ፣ ስለ እኔ የጠየቅሽኝ መሰለኝ። "አምኜ ነበር፣ ምን ላድርግ ታዲያ" አልኩሽ።

"ኦኬ። ላት ማር" አልሽ፣ ተዪው እንደማለት። "እንግዲያስ ግሮኒንገን ነው። ነገ ማታ ከሥራ ስገባ እጫነዋለሁ።"

ደስ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አቅፌ ሳምኩሽ። አንቺ እጅሽን ከኪስሽ አላወጣሽም፤ እኔ ደግሞ ብርዱ ነው አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ከእናትሽ ጋር ሆስፒታል ነበርን። ሐኪሙ ጉበቷ ላይም መታየት እንደጀመረ ነገረን። ይሄን ተረጎምኩላት፣ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። እሱ ሲወጣ ነርሷ ኮምፒውተሯን ወደ እኛ አዞረችና "በታኅሣሥ በጻፉልን ጥያቄ ላይ የሚጨምሩት አለ?" አለች። የምን ጥያቄ አልኳት። በሆስፒታሉ ድረ ገጽ፣ በእናትሽ ስም የተላከ መልእክት ነበር፤ አነበበችልኝ። "ምን ያህል ጊዜ እንደቀረኝ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሴት ልጅ አለችኝ። እስከ ጃንዋሪ አሥራ አምስት የት እንደምትማር መምረጥ አለባት።" መልሳቸውም ከሥሩ አለ። በእርግጠኝነት መናገር አንችልም፣ ግን በዓመት ሳይሆን በወራት ቢያስቡት፣ ትልቅ ጉዳይም ካለ ባያቆዩት ይላል።

እናትሽ ደችኛ አትጽፍም። የሆስፒታሉንም የመንግሥቱንም ደብዳቤ የሚከፍተውን ዲጂዲዋን ከአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጀምሮ በስልክሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ። የቤት ኪራይ ድጎማው ቢሆን፣ ኢንሹራንሱ ቢሆን፣ አንቺ ሳትከፍቺው የተነበበ ወረቀት እዚያ ቤት የለም። እኔና እናትሽ በር ዘግተን ስንንሾካሾክ፣ አንቺ ስትገቢ ወሬ ስንቀይር፣ ይህን ረሳን። ሁለት ትልልቅ ሴቶች። ውጤቱን ምናልባት ከእሷም በፊት አንብበሽዋል። አምስት ሳምንት ሙሉ ሾርባ ስታቀርቢላት፣ "ዛሬስ ወገብሽ እንዴት ነው?" ስትያት ታውቂ ነበር።

"ምንድን ነው የምትለው?" አለችኝ እናትሽ።

"ምግብ ትበላለች ወይ ነው የምትለው" አልኳት።

አየሽ፣ እንደገና። ነርሷ ፊት፣ ዓይኔን ሳላሽ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሁለታችሁንም ምስጢር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሷ አንቺ እንዳታውቂ ትሸፍናለች፣ አንቺ ማወቅሽን እንዳታውቅ ትሸፍኛለሽ። ትናንት ግሮኒንገን ያልሽው እናትሽ ምን እንደምትፈልግ ገምተሽ ነው። እኔ ጋ የመጣሽው ግን ከመጫንሽ በፊት አንድ ሰው እውነቱን እንዲነግርሽ ነበር። እኔ ድስት አማሰልኩ።

በሜትሮው ስንመለስ እናትሽ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ካፔለ ልንደርስ ስንል ነቃችና "ዛሬ ትጫነዋለች አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ተመስገን" አለች። ከቤት አስገብቻት፣ አልጋዋ ላይ አጋድሜያት፣ ወደ ስኪዳም ተመለስኩ።

አሁን ደግሞ የምነግርሽ ከሁሉ የከበደኝን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ሰማያዊ ሻንጣ ገዝታ እኔ ጋ አምጥታለች። "የመስከረም ነው፣ ስትሄድ አንቺ ስጫት" አለችኝ። ኮሪደሬ ላይ አቁሜው ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ጉልበቴን ይመታኛል። ዛሬ ስገባ ገፋ ላደርገው ብድግ ሳደርገው ባዶ አልነበረም። ከፈትኩት። አዲስ ጥቁር ቀሚስ አለበት፣ ጥቁር ሻሽም። በአንቺ ልክ ነው፣ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ አልተነሳም። ሰው አገር ሆና የሐዘን ልብስ ከየት ታመጣለች ብላ ነው።

መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሊመጣ ያለውን ነገር ያን ጊዜ አየሁት። አንድ ቀን ማለዳ እኔና ከቤተ ክርስቲያን አምስት ስድስት ሰው ባቡር ይዘን ግሮኒንገን በርሽን ልናንኳኳ ነው። አንቺ ደግሞ ለወራት ስታውቂው የኖርሽውን ነገር እንደማታውቂ ሆነሽ ልትደነግጪልን ነው፣ እኛ እንዳናፍር። ይሄን ማድረግ እንደምትችዪ ትናንት ፊትሽ ላይ አይቻለሁ። ልጄ፣ ፈራሁሽ።

ሂጂም ቅሪም አልልሽም። ብትሄጂ እናትሽ ጋ የማድረው እኔ ነኝ፣ ያየሁትንም የሰማሁትንም በየቀኑ ደውዬ እነግርሻለሁ፣ ሳላሳምር። ብትቀሪ ደግሞ ሐኪሙ ጋ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ አንቺ ልጇ ብቻ ሆነሽ አጠገቧ ትቀመጫለሽ። ይህን ቃል ገብቼልሻለሁ። ቃሌ ዛሬ ብዙ እንደማያወጣ አውቃለሁ፣ ግን ያለኝ እሱ ነው።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሱፐርማርኬቱ ሥራሽ ስትወጪ በር ላይ ታገኚኛለሽ። ደብዳቤውን እሰጥሻለሁ። ሜትሮው ውስጥ ታነቢዋለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ከዚያ አብረን እናትሽ ጋ እንገባለን። ነርሷ ያነበበችውን፣ የአንቺንም ጥያቄ የእነሱንም መልስ፣ አንድ ቃል ሳላስቀር በአማርኛ እነግራታለሁ። መሐላዬን አፍርሼ ነው፤ ብትረግመኝም ትርገመኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ጥቂት ሰዓት ይኖራችኋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም መደባበቅ። ከዚያ የፈለግሽውን ተጫኚ።

ሻንጣውን ይዤው እመጣለሁ። ቀሚሱን አውጥቼ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ዛሬ አንፈልገውም።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ቀና በዪና የትናንቱን የመጀመሪያ ጥያቄሽን ደግመሽ ጠይቂኝ። ሰው ቢሰማም ግድ የለም፣ እመልስልሻለሁ።

በሰማንያ ቀንሽ ያቀፈችሽ፣ ትናንት የዋሸችሽ
ብዙወርቅ