የአርባ ደቂቃ መንገድ

አፒያ፣ ሰኞ ጁን 3 (በእናንተ ገና እሁድ ነው)

ለምወድህ ልጄ ለታኦፊ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ስደውል ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ ለጎረቤታችን ለሉፔ ሰጥቻታለሁ። ነገ ማክሰኞ ይዛው ትነሳና አንተ ጋ ፓጎ ፓጎ በእናንተ ሰኞ ትደርሳለች፤ በጻፍኩበት ቀን ታነበዋለህ ማለት ነው። እንዲህ ቅርብ ሆነህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይንህን አለማየቴ ያንገበግበኛል።

ከኦክላንድ እዚህ ድረስ አራት ሰዓት ያህል ይበርራሉ፤ የአክስትህ ልጆች ግን በየገናው ይመጣሉ። አንተ ጋ አርባ ደቂቃ ነው። ጠዋት አውሮፕላኑ በቤታችን ላይ ሲያልፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ የጣድኩት የታሮ ሥር ሳይበስል አንተ ጋ ደርሷል። ናፍቀኸኛል፣ ልጄ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አባትህ ያረፈ ዕለት ደውዬ «ቀብሩ ቅዳሜ ነው» አልኩህ። የቀን መለወጫው መስመር በመካከላችን ስለሚያልፍ እኛ ከእናንተ አንድ ቀን እንቀድማለን፤ የእኛ ቅዳሜ የእናንተ ዓርብ ነው። ለዚህም ነው እዚህ ማንም ሰው ወደ እናንተ ሲደውል «የኛ ቅዳሜ» ወይም «የናንተ ቅዳሜ» ሳይል የማያልፈው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔ ያን ዕለት ልቤ የት ነበር? አንተ በራስህ ቅዳሜ ተነስተህ በእኛ እሁድ ደረስክ። ነጭ ለብሰን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደጃችን ላይ፣ ከአያቶችህ ጎን በቆፈርነው የአባትህ መቃብር አጠገብ ቆመህ አገኘንህ። ሲሚንቶው ገና አልደረቀም ነበር።

አጎትህ ማሊፋ በቤተ ዘመዱ ሁሉ ፊት «ከአውስትራሊያ የተነሳ ሰው የደረሰበትን ቀብር፣ አንተ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆነህ? ወይ ልጅ! የምትሠራበት ዓሣ ፋብሪካ ነው አባትህ?» ሲልህ ዞረህ እኔን አየኸኝ። ገብቶሃል። እኔም ገብቶኛል። ግን «እኔ ነኝ ያሳሳትኩት» ማለት አቃተኝ፤ የባሏን ቀብር ቀን አሳስታ ተናገረች እንዳይሉኝ አፈርኩ። አንተም እናትህን አላጋለጥክም። ምሳ ሳትቀምስ ሄድክ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ እንደተሰበሰበ ሁሉንም ተናገርኩ። ማሊፋ «ሲኒቫ፣ ይህን ይዘሽ ሁለት ዓመት እህል እንዴት ወረደልሽ?» አለኝ።

«አልወረደልኝም» አልኩት።

«እኔማ ስትወፍሪ ነው የማይሽ» አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «ልጁ ይምጣ፣ ራሴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» ብሏል።

እኔ ግን እስክትመጣ አልጠብቅም፤ ቲኬት ቆርጫለሁ። የምትሸጠው ልጅ «እማማ፣ አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ከነሻንጣዎ ነው የሚመዘኑት» ብላ አሳቀችኝ። በእኛ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተነስቼ በእናንተ ረቡዕ ለአምስት ሃያ ጉዳይ እደርሳለሁ። ሉፔን ሦስቴ አስቆጥሬ ነው የጻፍኩት። አውሮፕላኑ አንድ ቀን ይመልስልኛል አሉ፤ ያቺን ቅዳሜ ግን የሚመልስልኝ የለም።

አምላክ እጅህን ከፋብሪካው ቢላ ይጠብቅልኝ፤ እንቅልፍህን ያጣፍጥልህ። ልትቀበለኝ ባትፈልግም አልፈርድብህም። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ካጣሁህ ግን «ቀኑን ዛሬም አሳስቼ ይሆናል» ብዬ በማግስቱም እዚያው ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

እናትህ ሲኒቫ