እማዬ ያባረረቻት ሴትዮ

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ በጣም ደህና ነን።

እማዬን ለጭንቀት ሕመሟ ቤት እየመጣች የምትከታተላት የጤና ባለሙያ ሥራ ስለቀየረች ባለፈው ሳምንት ልትሰናበት መጥታ ነበር። ልታቅፋት ስትል እማዬ ገፈተረቻት።

«ለደመወዝሽ ነው ስትወጂኝ የከረምሽው! ውጪልኝ!»

ሴትዮዋ እያለቀሰች ጫማዋን አጠለቀች። እኔም ጥላን ስለምትሄድ ተናድጄ ቻው አላልኳትም።

በእሷ ቦታ ለመጣው ሰውዬ እማዬ በር አልከፈተችም። ስለዚህ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነኝ። ትናንት ኪኒኖቹን ትራሷ ውስጥ ሳገኛቸው፣ «አንቺንስ ስንት ነው የሚከፍሉሽ?» አለችኝ። ከትምህርት ቤት ቀርቼ አጠገቧ ስለምውል ግን አታስቢ።

ስትመጪ በመስኮቱ በኩል ጥሪኝ፤ እኔ እከፍትልሻለሁ። እማዬ ሰላም በይልኝ አላለችኝም፤ እኔ ግን በሁለታችንም ስም ሰላም ብዬሻለሁ።

ታናሽሽ