ከወንዙ ዳር ያመጣሁት ጭቃ

ይድረስ ለታላቋ እህቴ ለእታለም ከድጃ፣ ኮምቦልቻ።

መጋቢት 12፣ ቭላርዲንገን፣ ሆላንድ። ሲያካፋ ውሏል፤ ቤት ያለነው እኔና ልጄ ሱዓድ ነን። አላህ ከነቤተሰብሽ በጤና ያቆይልን፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ሱዓድ ሆዷ ገፍቷል፤ ሴት ናት ብለውናል። አምሮቷ እንደ እናታችን አፈር ነው። የነፍሰ ጡር አምሮት አይነፈግምና፣ የወንዙ ውሃ ሲሸሽ ከዳር ጭቃ እያመጣሁ፣ ማሞቂያው ላይ እያደረቅሁ ሰጠኋት። «እማ፣ ዝናብ ዝናብ ይላል» እያለች ትስቃለች።

ዛሬ እዚያው ጓንት ያጠለቁ ሰዎች ጭቃውን በብልቃጥ ሲሞሉ አገኘሁና አንዱን ጠየቅሁት። «ውሃው ጸድቷል፤ የድሮ ፋብሪካዎች ኬሚካል ግን ጭቃው ውስጥ ተኝቷል» አለኝ። ዳክዬዎቹ እዚያው ይዋኛሉ። ምኑን ከምኑ እንደማገናኘው ጠፋኝ። እናታችንስ አፈር እየበላች እኛን ወልዳ የለ? የዚያ አገር አፈር ግን ፋብሪካ አያውቅም ነበር።

ደብዳቤው ሳያልቅ ነጋ። ጠዋት የቀረውን ጭቃ በላስቲክ ቋጥሬ፣ ሱዓድን ቀስቅሼ የምትከታተላት አዋላጅ ዘንድ ይዣት ሄድሁ።

«እማ፣ ቀጠሮዬ እኮ ሐሙስ ነው፤ ምን ሆነሻል?»

«ሐሙስ ሥራ አለኝ» አልኋት።

ላስቲኩን ፈትቼ የአዋላጇ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት።

በዱዓሽ የእኔን ስም ተይውና የሕፃኗን አስቀድሚ። ስም ገና አልወጣላትም፤ «የሱዓድ ልጅ» በያት።

ታናሽሽ ጀውሃራ