ደረቴ ላይ የቀረው ጥሪ

ሸዋ ሮቢት፣ ነሐሴ 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

መሪያሜ፣

የአላህ ሰላም ድሬዳዋ እህትሽ ቤት ድረስ ይድረስሽ። ራስ ምታቱ ተወሽ ወይ? የጓሯችን ማንጎ ዘንድሮ ብዙ ያዘ፤ የሚበላው ሰው ስለሌለ ለጎረቤት አደልኩት።

የተለያየነው በአንድ ጥያቄ ነው። አምና እኔ ከላይ ጉብታው ላይ የማኅበሩን ሬዲዮ ይዤ ጎርፍ ሲመጣ ላስጠነቅቅ እየጠበቅኩ፣ ልጃችን ፈሪሃ ከታች ሽንኩርት ስትኮተኩት የሮቢ ወንዝ ወሰዳት። በአርባኛው ቀን "በሬዲዮ ጠርተሃል ወይስ አልጠራህም?" አልሽኝ። "ወላሂ ጠርቻለሁ" አልኩሽ። ከተማው ዳር መጋዘኑ ጋ መቀበያው ላይ የነበረው አብዱልፈታህ ደግሞ ምንም እንዳልሰማ ቁርኣን ይዞ ማለ። ከሁለታችን አንዱ ዋሽቷል ብለሽ ሻንጣሽን አነሳሽ። ዋሾው ማን እንደሆነ አልተናገርሽም፤ እኔ ግን ገብቶኛል።

ሰኔ ላይ የመስኖ ማኅበሩ ፍፁም የሚባል የሬዲዮ ባለሙያ አስመጣ። ጉብታው ላይ አቆመኝና "ጋሼ ሐሚድ፣ ልክ ያን ቀን እንዳደረጉት ያድርጉ" አለኝ። ያን ቀን ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ሬዲዮውን ከነአንቴናው ሸሚዜ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አጥብቄ አስሬው ነበር። እንደዚያው አሰርኩት። ያን ቀን ጎርፉን ስጠብቅ እንዳደረግኩት ፊቴን ወደ ተራራው፣ ጀርባዬን ለከተማው ሰጥቼ፣ መነጋገሪያውን በገመዱ ወደ አፌ ስቤ ተጣራሁ። መልስ የለም።

"አሁን ወደ ከተማው ይዙሩ።"

ዞርኩ። መጋዘኑ ጋ ያለው አብዱልፈታህ ድምፄን እየተቆራረጠም ቢሆን ሰማው።

"አሁን ያውጡትና ከራስዎ በላይ ከፍ ያድርጉት።"

አጠገቡ የቆምኩ ያህል ጥርት ብዬ ተሰማሁ።

"የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው" አለኝ ፍፁም። "አንቴናው ገላ ላይ ሲጣበቅ ሞገዱን ገላው ይጠጣዋል። የተረፈውንም እርስዎ መሀል ቆመው ጋረዱት። እርስዎም አልዋሹም፣ እሱም አልዋሸም።"

"እንግዲያ ጥሪዬን ያስቀረው የገዛ ደረቴ ነዋ?"

አብዱልፈታህ ከታች እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ፤ ተላቀስን።

መሪያም፣ እውነቱ ሲወጣ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ዋሽቼ ቢሆን ተውበት አድርጌ አላህን ምሕረት እለምነው ነበር። ሬዲዮውን እንደ ሕፃን አቅፌ ከዝናብ አዳንኩት፤ እስከ ዛሬ ይሠራል።

አሁን አዲሶቹን ጠባቂዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። "ከገላችሁ አርቁት፣ ከፍ አድርጉት፣ ፊታችሁን ወደ ሰው አዙሩ" እላቸዋለሁ። ያለፈው ማክሰኞ ጎርፉ ከሚወርድበት ከጣርማ በር ተራራ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉብታው ላይ ከነበረችው ከአዲሷ ጠባቂ ከፈለቀች ጥሪ መጋዘኑ ደረሰ፦ "ውሃው መጣ! ሰው አውጡ!" ደወሉን መታን። ሃያ ሦስት ሴቶች መኮትኮቻቸውን እየጣሉ በጠባቧ መንገድ ወጡ። ውሃው ማሳውን ሲሸፍነው ማሳው ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። ሰዉ እጄን እየጨበጠ መረቀኝ።

"ሐሚድ፣ ሁሉም ወጥተዋል፤ በቃ እንሂድ" አለኝ አብዱልፈታህ።

እኔ ግን አንዲት የቀረች ያለች ይመስል ያቺን መንገድ እያየሁ፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ቆምኩ።

ነይ ለማለት አፍ የለኝም። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፤ እህትሽንም ከነልጆቿ ይጠብቅልሽ።

የፈሪሃ አባት፣
ሐሚድ